የእርምጃ መቍጠሪያና ተቀምጦ የሚውል ሰው

በጨፋ ሮቢት ከተማ በማለዳ በዋናው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሕዝብ ይታየዋል። አንደኛው ከገጠር ወደ ከተማው በእግሩ የሚገባው ነው፤ ማገዶ የተሸከመችው እናት፤ ፍየሉን ለገበያ የሚነዳው ገበሬ፤ በቦርከና ዳር ከብቱን ሲያግድ የሚውለው አርብቶ አደር፤ ደብተሩን ይዞ የሚገሠግሠው ተማሪ። ሁለተኛው ደግሞ ከደጃፉ ባጃጅ ጠርቶ እስከ መሥሪያ ቤቱ ወይም እስከ ሱቁ በር ድረስ የሚሄደውና እስከ ማታ በወንበር ላይ የሚውለው የከተማ ሰው ነው። ለፊተኛው ሰውነትህን አንቀሳቅስ ብሎ ማስተማር ትርፍ ነገር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ለኋለኛው፤ ይኸውም ለእኛው ለራሳችን ነው።

ለራሳችን ያልነው ለትሕትና አይደለም። በውጭ አገር ትምህርታችንን ፈጽመን ስንመለስ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛ በክንድ ላይ የሚታሰር፤ እርምጃን የሚቈጥር ሰዓት በስጦታ ሰጥቶን ነበር። እኛም ከጧት እስከ ማታ በሥራ የምንባክን መሆናችንን ስለምናውቅ ብዙ የምንሄድ ይመስለን ነበር። ሰዓቱን አስረን በዋልንበት በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከ3,000 እርምጃ ያለፍንበት የሥራ ቀን አልተገኘም። ሥራው የእጅና የአሳብ ኖሯል እንጂ የእግር አልነበረም። አፍረን ሰዓቱን በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የደም ግፊታችንን ብንለካ ከሚገባው በላይ ሆኖ ስላገኘነው፤ ሰዓቱን ከመሳቢያው አወጣነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ይህ ትንሽ ዕቃ ምን እንደሚሠራ፤ ምንስ እንደማይሠራ፤ ዕቃው የሌለውም ሰው በምን ዓይነት ሊጠቀም እንደሚችል ነው።

ሀ፤ ተቀምጦ መዋል ስለሚያመጣው ጉዳት

የሰው አካል ለመንቀሳቀስ የተሠራ ነው። ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየሳበ ይጠቀምበታል፤ ልብም ይጠነክራል፤ የደም ሥሮችም እየሰፉ ደሙን በቀላሉ ማሳለፍን ይለምዳሉ። ተቀምጦ በሚውል ሰው ዘንድ ግን ይህ ሁሉ ይዳከማል። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ስቡ በሆድ ዙሪያ ይከማቻል፤ የደሙም ግፊት ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል።

ይህ ነገር በጥናት የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው በለንደን ከተማ የሚሠሩትን የአውቶቡስ ነጂዎችና ትኬት ቈራጮች አመዛዝነው ያገኙትን ውጤት አስታወቁ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ስለሆነ ትኬት ቈራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር፤ ነጂው ግን ከመቀመጫው አይነሣም። ሁለቱም በአንድ መኪና፤ በአንድ ከተማ፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሲሆኑ የልብ ሕመም በነጂዎቹ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ ድንገተኛ ሞትም በነርሱ ዘንድ ይበልጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገዳችን ላይ ሹፌሩንና ረዳቱን አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ይህ ምሳሌ እንግዳ አይሆንበትም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፤ በ2022 ከዓለም ዐዋቂዎች ከመቶው 31ዱ፤ ማለት 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፤ ለጤና የሚያስፈልገውን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር። በአገራችንም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረገው ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች ከመቶው 16ቱ ያህል የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የደም ግፊት ሕመም ሳያሰማ የሚኖር ጠላት ነው። በሥራችን ላይ ሳለን ካየናቸው ሕሙማን አንዱ ዕድሜያቸው ገና ከአምሳ ያልደረሰ መምህር ነበሩ፤ ራስ ምታት እንኳ አያውቃቸውም ነበር። ወደ እኛ የመጡት ግን ግማሽ አካላቸው ከዳቸው በኋላ ነው። እኒያ መምህር ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዳሩ ግን ጠመኔ ይይዝ የነበረው እጃቸው አልተመለሰላቸውም።

ለ፤ መቍጠሪያው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

የዚህ ዕቃ ታሪክ ከእኛ አገር ስም ጋር በአንድ ወገን ይገናኛል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብተው ሁለተኛውን የወርቅ ሜዳልያ ሲወስዱ፤ የጃፓን ሕዝብ በአደባባይ ቆሞ ይመለከት ነበር። ያ የውድድር ወቅት በጃፓኖች ዘንድ ሰውነትን ስለ ማጠንከር ብዙ አሳብ አሳደረ። በሚቀጥለው ዓመት፤ እ.ኤ.አ. በ1965፤ ያማሳ የተባለ የሰዓት ሥራ ድርጅት በወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቍጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም ማንፖ ኬይ አለው፤ ትርጓሜውም የዐሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ዛሬ በየስፍራው በቀን 10,000 እርምጃ መሄድ ያስፈልጋል ሲባል የሚሰማው ቍጥር የተነሣው ከዚህ የንግድ ስም ነው እንጂ ከሐኪሞች ምርምር አይደለም። ይህንን ማወቅ ኋላ ለምንናገረው ነገር ይጠቅማል።

የጥንቱ መቍጠሪያ ሰው በተራመደ ቍጥር ከፍና ዝቅ የምትል ትንሽ የብረት ክብደት በውስጡ ነበረችው። የዛሬው ግን በክንድ ሰዓት ወይም በእጅ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ እጅግ ረቂቅ መለኪያ ነው፤ የሰውነትን መነቃነቅ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየለየ ይመዘግባል፤ የእርምጃንም አካሄድ ከሌላው መነቃነቅ ለይቶ ይቈጥራል። አንዳንዱ ሰዓት ደግሞ በጀርባው በኩል አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይሰድዳል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፤ ልብ በመታ ቍጥር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ በዚህም የልብ ምት ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ዕቃው አይሳሳትም ማለት አይደለም። ጋሪ የሚገፋ ወይም ጀሪካን የያዘ ሰው ክንዱ ስለማይወዛወዝ የክንድ ሰዓቱ እርምጃውን ያጐድልበታል። በዝግታ የሚሄድ ሽማግሌም እንዲሁ ይጐድልበታል። እጁን እያወናጨፈ ለሚናገር ሰው ግን ያልተራመደውን ሊጨምርለት ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የማይታመነው በሰውነት ውስጥ የተቃጠለውን ካሎሪ የሚናገርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰባት ዓይነት የክንድ መለኪያዎች ተመርምረው ከሰባቱ ስድስቱ የልብን ምት በደኅና ሲለኩ፤ በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በ27 ከመቶ ስቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሰዓቴ ይህን ያህል አቃጥለሃል ብሎኛል በማለት ምግብ መጨመር ከንቱ ነገር ነው።

ሐ፤ በእርግጥ ይጠቅማልን?

እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ተመርምረው ነበር። በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች ከ160,000 ይበልጣሉ። መለኪያውን የታጠቁት ሰዎች ካልታጠቁት ይልቅ በቀን 1,800 ያህል እርምጃ ጨምረው ተገኙ፤ ይህም በየቀኑ 40 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ የእግር ጉዞ ሆኖ ተቈጥሯል። የሰውነት ክብደት ግን የቀነሰው በአንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል፤ ነገር ግን ብቻውን አያከሳም።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳዩ ውጤቶችም ስላሉ እነርሱን መሸሸግ አይገባንም። በሲንጋፖር 800 የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፤ ፊትቢት የተባለውን መለኪያ ከተቀበሉት ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታጠቁ የተገኙት ከዐሥሩ አንዱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት እንደ እኛ በመሳቢያ ከትተውታል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በታተመ ሌላ ጥናት፤ ክብደታቸውን ለመቀነስ የተነሡ ወጣቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መለኪያ የተሰጣቸው በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፤ ያልተሰጣቸው ግን 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል።

ታዲያ የጥቅሙ ምሥጢር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የ26 ጥናቶች ምርመራ ይህንን በግልጥ ያሳያል። መቍጠሪያውን በወገባቸው የታጠቁ ሰዎች በቀን ከ2,000 በላይ እርምጃ ጨምረዋል፤ ነገር ግን በጉልህ የጨመሩት የዕለት ግብ የተሰጣቸው ናቸው። ግብ ሳይኖረው ቍጥሩን ብቻ የሚመለከት ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ እንደሚወርድ ሰው ነው፤ ክብደቱን ያውቃል እንጂ አይለወጥም። እንግዲህ መቍጠሪያው መድኃኒት ሳይሆን ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ የሚጠቅመው የሚፈርድ ዳኛ ሲኖር ነው፤ ዳኛውም ሰውየው ራሱ ነው።

መ፤ ስንት እርምጃ ይበቃል?

በዐሥር ሺሕ ቍጥር ፈርቶ ገና ሳይጀምር ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ብዙ ነው። ይህ ፍርሃት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ስለሆነ 16,741 የአሜሪካ ሴቶች የወጣው ጥናት፤ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ብቻ ከሚሄዱት ይልቅ የሞታቸው ቍጥር በ41 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙም እስከ 7,500 ያህል እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ብዙም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የብዙ ጥናቶች ምርመራም በቀን 7,000 እርምጃ የሚሄዱ ዐዋቂዎች 2,000 ከሚሄዱት ጋር ሲመዛዘኑ የሞታቸው መጠን በ47 ከመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን ገልጿል።

ከዚህ የምንረዳው፤ ብዙውን ጥቅም የሚያገኘው ከምንም ተነሥቶ ወደ ጥቂት የሚደርሰው ሰው መሆኑን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የምንለው እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፤ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 100 እርምጃ ያህል ይሆናል። እንግዲህ በቀን 30 ደቂቃ፤ በሳምንት አምስት ቀን መሄድ 150 ደቂቃ ይሞላል፤ ለየቀኑም 3,000 እርምጃ ይጨምራል።

ሠ፤ አሠራሩ

1. በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይለውጡ መቍጠር። ልማድን ሳያውቁ ልማድን ማረም አይቻልም። ለምሳሌ የአንድ ሰው የሰባት ቀን እርምጃ 2,800፣ 3,100፣ 2,500፣ 4,600፣ 3,000፣ 2,900፣ 2,100 ቢሆን፤ ድምሩ 21,000 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 3,000 ይደርሳል። መነሻው ይህ ነው። 4,600 የተሄደበት ቀን ምናልባት የገበያ ቀን ይሆናል።

2. በየሁለት ሳምንቱ 500 እርምጃ መጨመር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ከ3,000 የተነሣ ሰው በዚህ አካሄድ በ8 ሳምንት 5,000፤ በ16 ሳምንት 7,000 ይደርሳል። አምስት መቶ እርምጃ ማለት አምስት ደቂቃ ስለሆነ፤ ጊዜ የለኝም የሚለውን ምክንያት ያስቀራል።

3. በየማታው ቍጥሩን በደብተር መጻፍ። ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል ብሎ መተው አይበጅም። በእጅ የተጻፈውን ሰው ያስበዋል።

4. እርምጃውን ከዕለት ሥራ ጋር ማጣመር። ወደ መሥሪያ ቤት በባጃጅ መሄድ ልማዱ የሆነ ሰው በጉዞው እኩሌታ ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ቢሄድ ሒሳቡንም ጤናውንም ያተርፋል። መምህርም በዕረፍት ጊዜ በግቢው ዙሪያ ይራመድ። ከምሳ በኋላ ለጫት መቀመጥን የለመደ ሰው ስንት ሰዓት ሳይነሣ እንደሚቈይ ሰዓቱን ቢመለከት ራሱ ይደነቃል፤ ቢያንስ በየሰዓቱ ይነሣ።

5. ጓደኛ መያዝ። እኛ ሰዓቱን ከመሳቢያ ካወጣን በኋላ ያጸናን ሰዓቱ አይደለም፤ በየጧቱ በራችንን የሚያንኳኳ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበር። ሰዓትን ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ በር ላይ የቆመን ሰው ግን ተመለስ ማለት ያሳፍራል። ከኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለሰው በሚል ስም መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ክፍት በተደረጉ ጊዜ ሕዝቡ በደስታ የወጣው፤ ብዙ ሆኖ መሄድ ስለሚያበረታታ ነው።

ረ፤ መሣሪያ ለሌለው ሰው

መቍጠሪያ የሌለው ሰው ከዚህ ትምህርት ውጭ ነኝ አይበል። በመጀመሪያ በእጅ ስልኩ ውስጥ መቍጠሪያ መኖሩን ይመልከት፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ውስጥ ይገኛልና። ስልኩን ግን በኪሱ መያዝ አለበት፤ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ እርምጃ አይቈጥርም።

ስልክም የሌለው እንዲህ ያድርግ። በሜትር ገመድ 100 ሜትር ለክቶ በተለመደው አካሄዱ ሲሄድ እርምጃውን ይቍጠር። 140 ቢሆን አንድ ኪሎ ሜትር 1,400 እርምጃ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢርቅ፤ ደርሶ መልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር፤ እርምጃውም 4,200 ይሆናል። ርቀቱን የማያውቅ ሰው ዐሥር ጠጠር በቀኝ ኪሱ ይዞ፤ መቶ እርምጃ በሄደ ቍጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሱ ያሳልፍ፤ ጠጠሩ ሲያልቅ አንድ ሺሕ ሆነ። ይህንንም ያልወደደ በሰዓት ይጠቀም፤ በፍጥነት የተሄደ ዐሥር ደቂቃ አንድ ሺሕ እርምጃ ያህል ነው።

ሰ፤ ጥንቃቄ

አገራችን ቆላ ስለሆነ በቀትር ፀሐይ መሄድ አይመከርም። ጧት ከ2 ሰዓት በፊት፤ ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። በረመዳን ጾም ወራት ግን ውሃ መጠጣት ከሚቻልበት ከፍጥር በኋላ በዝግታ መሄድ ይሻላል። በዋናው የመኪና መንገድ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ በግራ ጠርዝ ይሂድ። መንገዱ በማያመችበት ወይም ጸጥታው በማይፈቅድበት ጊዜ በትምህርት ቤት ወይም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መዞርም እኩል ይቈጠራል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን የማይልጥ ጫማ ያድርግ፤ ማታም እግሩን ይመርምር፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሲሄድ ደረቱን የሚያፍነው፤ ራሱን የሚያዞረው ወይም ትንፋሹ የሚቈረጥ ሰው ወዲያው ቆሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት የደም ግፊትን ምርመራ አይተካም። ዐዋቂ የሆነ ሁሉ ግፊቱን በጤና ጣቢያ ያስለካ፤ ግፊት እንዳለበት ተነግሮት መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው መራመድ ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የጻፍነውን ባጭሩ ስናጠቃልለው፤ መቍጠሪያው የሚነግረን እውነቱን ነው፤ የሚያስነሣን ግብና ጓደኛ ነው። ማንም ሰው ራሱን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ያመዛዝን። ከላይ የጠቀስናቸው መምህር አንድ ቀን ሊጠይቁን መጥተው በምርኩዝ እየተራመዱ ሲገቡ፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ያለውን እርምጃቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቈጥሩ ሰማናቸው፤ ዐሥራ ሁለት ነበር። በየሳምንቱ እንደሚጨምሩም ነገሩን። ሁለት እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ዐሥራ ሁለቱን እርምጃ ዛሬውኑ ከወንበሩ ተነሥቶ ቢጀምር ምን ይከብደዋል?

ለመምህራን፤ በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ጥያቄዎች

1. እያንዳንዱ ተማሪ በ100 ሜትር ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ለክቶ፤ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን እርምጃ በሒሳብ ያስላ።

2. የለንደኑ ነጂና ትኬት ቈራጭ በአንድ መኪና ሲሠሩ ጤናቸው ለምን ተለያየ?

3. የዐሥር ሺሕ እርምጃ ቍጥር ከየት መጣ? ከ10,000 በታች የሚሄድ ሰው ይጠቀማልን?

4. ተማሪው በቤቱ ካሉት ዐዋቂዎች መካከል ተቀምጦ የሚውለው ማን እንደሆነ ለይቶ፤ የዚያን ሰው የሰባት ቀን እርምጃ በሰውየው ፈቃድ ይመዝግብ፤ አማካዩንም ያውጣ።